በሰው አገር ሳለን ጥቃት ቢደርስስ? ከለገጣፎ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከባለቤቴና ከዘጠኝ ዓመት ልጃችን ጋር በመጪው ክረምት ፓሪስንና ብራስልስን ለመጎብኘት ትኬት ቆርጠናል። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ የደም ግፊት አለባት። በእነዚያ ከተሞች የደረሰውን የሽብር ጥቃት በቴሌቪዥን ስላየች ‹አትሂዱብኝ› እያለች ታለቅሳለች። ፍርሃቷ ወደ እኔም ተጋብቷል። እዚያ ሳለን እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ምን እናድርግ? እሷንስ እንዴት እናረጋጋት? ጉዞውን አቋርጦ መመለስስ ይገባል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይሂዱ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል። በሽብር ጥቃት የሚሞተው ሰው ቁጥር በሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ አብዛኛው ሟች ደግሞ ቱሪስት በማይረግጣቸው አገሮች የሚኖር ምስኪን ነው። እኔን ከፓሪስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ለበረራው በሌሊት ከለገጣፎ ወደ ቦሌ የሚነዱት መንገድ ነው። ይህን ግን ለእናትዎ አይንገሯቸው፤ ስጋታቸውን ሁለት ያደርገዋል።

ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ሠራተኞችን ስለ ጉዞ ደህንነት አሠለጥናለሁ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ መጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። ኢትዮጵያዊ መንገደኛን ይበልጥ የሚያንገላታው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንደሆነ አይቻለሁ፤ ስልኩ፣ ወረቀቱ፣ ገንዘቡ፣ ቪዛው። ስለዚህ ሁለቱንም እነግርዎታለሁ፤ ቀናቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከድምፁ እንጀምር። ኖቬምበር 13 ቀን 2015 ፓሪስ ውስጥ በባታክላን የሙዚቃ አዳራሽ ተኩስ ሲከፈት ከታዳሚው ብዙዎቹ ርችት ወይም የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ነበር። በዚያ ምሽት በከተማዋ 130 ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ የሞቱት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። የሰው አእምሮ ያልለመደውን ድምፅ ሲሰማ የለመደውን ስም ይሰጠዋል፦ ጎማ ፈነዳ፣ ዕቃ ወደቀ፣ ርችት ነው። እርስዎ ግን ከተጠራጠሩ ልጅዎን ይዘው መጀመሪያ ይራቁ፤ ምን እንደሆነ ኋላ ይጠይቃሉ። ርችት ሆኖ ከተገኘ የሚከፍሉት ትንሽ እፍረት ብቻ ነው፤ እዚያ አገር ደግሞ የሚያውቅዎት ሰው የለም።

እኛ ዘንድ ከዚህ የባሰ ልማድ አለ። ድምፅ ከሰማን ወደ ድምፁ እንሄዳለን። ለገጣፎ መንገድ ዳር ሁለት መኪና ቢጋጭ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ግማሹ ሊረዳ፣ ግማሹ ሊያይ። ከደግነት የመጣ ልማድ ስለሆነ ልነቅፈው አልፈልግም፤ በእንዲህ ያለ ቀን ግን ይገድላል። ጁላይ 11 ቀን 2010 ካምፓላ ውስጥ ሰዎች የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ እያዩ ሳለ ሁለት ቦታዎች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንደኛው ቦታ ካባላጋላ በተባለ ሰፈር የሚገኝ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር፤ ከሟቾቹም መካከል የእኛው ሰዎች ነበሩበት። በሌላኛው ቦታ፣ በአንድ የራግቢ ክለብ ሜዳ፣ ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ ሁለተኛ ተከተለ። ሁለተኛው ፍንዳታ የሚያገኘው የሮጠውን ሳይሆን የቆመውን፣ ከዚያም አልፎ ሊያይ የመጣውን ነው።

የእንግሊዝ ፖሊስ ለሕዝቡ የሚያስተምረው ሦስት ቃል አለ፦ ሩጥ፣ ተደበቅ፣ አሳውቅ። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። መውጫ ካለ መሮጥ ይቀድማል፤ መደበቅ የሚመጣው መውጫ ሲጠፋ ነው፤ ስልክ መደወል ደግሞ ከሁለቱ በኋላ ነው። ሲሮጡ ሻንጣውንም፣ ለዘመድ የገዙትንም ጫማ ይተዉት። ፓስፖርት ከቦርሳ ይልቅ ሰውነት ላይ ይሁን የምለው ለዚህ ጊዜ ነው። ምግብ ቤት ወይም አዳራሽ ሲገቡ ከገቡበት በር ሌላ መውጫ የት እንዳለ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይዩ። ሰው በድንጋጤ ጊዜ ወደ ገባበት በር ይሮጣልና የሚታፈነው እዚያ ነው። ወጥ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የኋላ በር አላቸው።

መደበቅ የግድ ከሆነ ከዓይን የሚሸሽግና ከጥይት የሚያድን ነገር አንድ እንዳልሆኑ ይወቁ። የመኪና በር፣ ጠረጴዛና የጂፕሰም ግድግዳ ከዓይን ይሸሽጋሉ፤ ጥይት ግን ያልፋቸዋል። የኮንክሪት ምሰሶና የመኪና ሞተር ያለበት በኩል ይሻላሉ። ክፍል ውስጥ ከሆኑ በሩን ይቆልፉ፣ ከባድ ዕቃ ያስደግፉበት፣ መብራቱን ያጥፉ፣ ከበሩ ትይዩ አይሁኑ። ስልክዎ ድምፁም ንዝረቱም ይጥፋ። ለንግግር የሚሆን ፋታ ሲያገኙ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112 ይሠራል፤ በነፃ ነው።

መኪና በሕዝብ ላይ የሚነዳበት ጥቃት ሌላ ጠባይ አለው። በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ጁላይ 14 ቀን 2016 በባሕር ዳርቻው ጎዳና ላይ የተነዳ የጭነት መኪና 86 ሰዎች ገድሏል። ከመኪና ፊት ቀጥ ብሎ መሮጥ አያዋጣም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ደረጃ፣ ወደ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚሸሸው። በአየር ማረፊያም አንድ ልማዳችንን ይተዉ። የብራስልስ አየር ማረፊያ በማርች 22 ቀን 2016 የተመታው ከፍተሻው ወዲህ፣ ሰው ሻንጣ በሚያስመዝንበት የመነሻ አዳራሽ ነው። ከቦሌ በተለየ፣ በር ላይ ፍተሻ የሌላቸው አየር ማረፊያዎች ብዙ ናቸው። ሻንጣዎን አስረክበው ቶሎ ወደ ውስጥ ይለፉ፤ ከሸኚ ዘመድ ጋር የሚደረገው ረጅም ስንብት ሸኚው ቤት ይለቅ።

አሁን ማንም ሊያነሳው የማይወደውን ነገር ላንሳ፤ የፊታችንን ጉዳይ። ጥቃት በደረሰበት ሰዓት ፖሊሱም ሕዝቡም የደነገጠ ነው፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ከእሱ የተለየውን ነው። ኦክቶበር 18 ቀን 2015 እስራኤል ውስጥ ቤርሳቤህ በሚገኘው የአውቶቡስ መናኸሪያ ጥቃት ሲደርስ፣ አጥቂ የመሰላቸው ሰዎች አንድ ኤርትራዊ ስደተኛን አጠቁ፤ የጥበቃ ሠራተኛ ተኮሰበት፣ ወድቆ ሳለ ሕዝብ ደበደበው፣ ሞተ። ለንደን ውስጥ 52 ሰዎች ከተገደሉበት የጁላይ 7 ቀን 2005 ጥቃት ሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ፖሊስ ምንም የማያውቅ ብራዚላዊ ኤሌክትሪሺያን ስቶክዌል የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተኩሶ ገደለ። ይህን የምነግርዎት ላስፈራራዎት አይደለም፤ የታጠቀ ፖሊስ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ለባለቤትዎ ጭምር አስቀድመው እንዲነግሩት ነው።

የሚደረገውም ይህ ነው፦ እጆች ባዶ ይሁኑ፣ ጣቶች ይዘርጉ፣ ከፍ ብለው ይታዩ። ስልክም ቢሆን ይጣል፤ በጨለማ ስልክና ሽጉጥ አይለዩም። ወደ ፖሊሱ እየጮኹ አይሩጡ፣ እጁን አይያዙት፣ «አድኑን» ብለው አይጠምጠሙበት። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች የሚመጡት አጥቂውን ለማስቆም ስለሆነ ቁስለኛን እንኳ አልፈው ይሄዳሉ፤ አይቀየሟቸው። በፈረንሳይኛ «ሌ ማ!» ብለው ከጮኹ እጆችዎን እንዲያሳዩ ነው። ባለቤትዎ ከኪሱ ፓስፖርት ለማውጣት እጁን ቢሰድ ጥሩ አሳቢ ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም። ሲጠየቅ ብቻ፣ ምን ሊያወጣ እንደሆነ ተናግሮ፣ ቀስ ብሎ።

ለምርመራ ቢወስዷችሁም አትደንግጡ፤ በዚያ ቀን ብዙ ሰው ይጠየቃል። እንግዳ አገር የተያዘ ሰው የአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት እንዳለው የ1963ቱ የቪየና ስምምነት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በፓሪስም በብራስልስም ኤምባሲ አላት። የሁለቱን ስልክ ከመነሣትዎ በፊት በወረቀት ይጻፉ፤ ስልክ ከጠፋ በስልኩ ውስጥ ያለው ቁጥርም አብሮ ይጠፋል።

ወደ እናትዎ ልምጣ። በብራስልሱ ጥቃት ጠዋት፣ ከአየር ማረፊያው ፍንዳታ አንድ ሰዓት ያህል በኋላ ማልቤክ የምድር ባቡር ጣቢያ ሲመታ የከተማው የስልክ መስመር ተጨናነቀ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለደወለ ማንም ማንንም አላገኘም፤ ባለሥልጣናቱም ሕዝቡ ከመደወል ይልቅ የጽሑፍ መልእክትና ኢንተርኔት እንዲጠቀም ለመኑ። ስለዚህ የመጀመሪያ መልእክትዎ አጭር ጽሑፍ ይሁን፦ «ሦስታችንም ደህና ነን፣ ሆቴል ነን፣ ኋላ እንደውላለን።» አጭር የጽሑፍ መልእክት ጥሪ እምቢ ባለበት መስመር ይሾልካል። ፌስቡክም «ደህና ነኝ» ብሎ ማሳወቂያ የሚያስችለውን አገልግሎቱን ለሽብር ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው በፓሪሱ ምሽት ነው፤ ለአክስት ልጆችና ለሥራ ባልደረቦች ይበቃል፤ ለእናት ግን አይበቃም።

ለምን እንደማይበቃ እርስዎም ያውቁታል። እኛ ክፉ ወሬ ደብቀን የምናሳድር ሕዝብ ነን። የሞተውን «ትንሽ አሞታል» እያልን፣ መርዶውን ለንጋት አቆይተን፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የምንናገረው። እናትዎ በዚህ ወግ ውስጥ ስለኖሩ ጎረቤት መጥቶ «ልጅሽ ደህና ናት» ሲላቸው የሚሰሙት ተቃራኒውን ነው። ሁለት ጎረቤት አብሮ ከመጣማ ነጠላቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። የሚያሳርፋቸው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው። በቴሌግራም ወይም በኢሞ የተቀዳ የአሥር ሰከንድ ድምፅ ከቪዲዮ ጥሪ በጣም ያነሰ መስመር ይፈልጋል፤ ተሰሚው ደጋግሞ ሊያዳምጠውም ይችላል። በውስጡም እርስዎ ብቻ የሚጠይቁትን ነገር ይጠይቁ፤ «የማታውን ክኒን ወሰድሽ?» ይበሏቸው። የክኒን ነገር የምታነሣ ልጅ ደህና እንደሆነች የማታውቅ እናት የለችም።

ዝግጅቱ ግን አሁኑኑ ይሁን። ለገጣፎ ውስጥ አንድ ሰው ይምረጡ፤ ወንድም፣ እህት ወይም ረጋ ያለ ጎረቤት። ከውጭ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ለእሱ ይድረስ፤ ወደ እናትዎ የሚያደርሰውም እሱ ይሁን። ዘመድ ሁሉ ለእርስዎ ከደወለ የስልክዎ ባትሪ ለወሬ ያልቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ስለሚኖሩ ለእናትዎ የተሞላ ፓወር ባንክ ይተዉላቸው። ቴሌቪዥኑ ያንኑ ፍንዳታ በየአምስት ደቂቃው እየደጋገመ ሲያሳይ እሳቸው አዲስ ፍንዳታ በየአምስት ደቂቃው የደረሰ ይመስላቸዋል፤ ያ የተመረጠው ሰው የመጀመሪያ ሥራው መጥቶ ቴሌቪዥኑን ማጥፋትና ግፊታቸውን ማስለካት ነው።

የሰዓት ነገርም አለ። በክረምት ፓሪስ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። «በስምንት ሰዓት እደውላለሁ» ብለው የእርስዎን የፈረንጅ ሰዓት ከተናገሩ እናትዎ ከቀትር በኋላ ጀምረው ይጨነቃሉ። የጥሪውን ሰዓት በእሳቸው ሰዓት ብቻ ይነጋገሩ፤ የፓሪስ የምሽት 8 ሰዓት ለእሳቸው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ወረቀቱና ገንዘቡ የባሰ ያንገላታል ብያለሁ። የብራስልስ አየር ማረፊያ ከጥቃቱ በኋላ ለመንገደኛ በከፊል የተከፈተው ኤፕሪል 3 ነው፤ 12 ቀን ዝግ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ሦስት ነገር ይከተላል።

በመጀመሪያ ትኬቱ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሣ በረራ የማንም አየር መንገድ ይሁን በኅብረቱ 261/2004 ደንብ ሥር ይወድቃል፤ ከብራስልስ ወደ ቦሌ የሚመጣው የእኛው አውሮፕላንም እንዲሁ። ጥቃት ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ስለሆነ የገንዘብ ካሣ አያገኙም። ነገር ግን ገንዘቡን መመለስ ወይም በሌላ በረራ መላክ፣ በሌላ በረራ መሄድን ከመረጡም እስከዚያ ምግብና ማደሪያ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ብዙ የእኛ ሰው ይህን ሳያውቅ ወንበር ላይ አድሯል፣ በራሱ ዶላርም ሆቴል ይዟል። ደረሰኝ ይያዙ።

ሁለተኛው ቪዛው ነው፤ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራውም ይህን ነው፤ «ቪዛዬ ቢያልቅ ሁለተኛ አይሰጡኝም» ብሎ። ፈረንሳይንና ቤልጅየምን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚጋሩት የሸንገን ቪዛ ደንብ አንቀጽ 33 ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መውጣት ያልቻለ ሰው ቪዛው ያለ ክፍያ እንዲራዘምለት ያዛል። ሳያልቅ በፊት ግን ወደሚመለከተው የአገሩ መሥሪያ ቤት ሄደው፣ የተሰረዘውን በረራ ማስረጃ አሳይተው መጠየቅ አለብዎት። ቁጭ ብለው ከጠበቁ ማንም አያራዝምልዎትም።

ሦስተኛው መድን ነው። ለሸንገን ቪዛ የገዙት መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ እንዲሸፍን ይጠበቃል። ውሉን ግን አብዛኛው ሰው ኤምባሲ ካስረከበ በኋላ አያነበውም። ዛሬ ማታ ያንብቡት፤ «ጦርነትና ሽብር አይሸፈንም» የሚል አንቀጽ ካለ ወደ ሸጡልዎት ሄደው ሌላ ውል ይጠይቁ።

ፓስፖርት ከጠፋ ለፖሊስ አመልክተው ማስረጃ ይቀበሉ፤ ኤምባሲው ወደ አገር የሚያስመልስ ሊሴ ፓሴ ይሰጣል። የፓስፖርቱና የቪዛው ፎቶ በኢሜይልዎ ውስጥ ካለ ነገሩ ይቀላል። ጥሬ ገንዘቡንም በአንድ ቦርሳ አይያዙት፤ በእርስዎና በባለቤትዎ ይከፈል፣ ጥቂቱም ሆቴል ይቅር።

ስለ ጉዳት በአጭሩ። ደም እየተፈናጠቀ የሚወጣ ቁስል በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑት፣ እጅዎን አያንሱ፤ እጅ ወይም እግር ከሆነና መጫን ካላቆመው ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብለው፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅ አጥብቀው ይሰሩትና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ፍንዳታ አጠገብ የነበረ ሰው ቁስል ባይታይበትም ሐኪም ይየው፤ ፍንዳታ ሳንባንና ጆሮን ከውስጥ ይጎዳል። ፈረንሳይ ውስጥ ከተጎዱ ደግሞ ሳይመዘገቡ አይመለሱ። ከ1986 ጀምሮ የሽብር ተጎጂዎችን የሚክስ የመንግሥት ፈንድ አላቸው፤ ጥቃቱ በፈረንሳይ ምድር ከደረሰ የተጎጂው ዜግነት አይጠየቅም።

ልጅዎን በየቀኑ ስለ ሽብር አያስተምሩት፤ ጉብኝቱን ያበላሹበታል። ይህን ብቻ ይንገሩት፦ «ከጠፋን ፖሊስ ወይም ልጅ የያዘች እናት ፈልግ፣ ይህን ወረቀት አሳይ።» ወረቀቱ ላይ የሁለታችሁ ስልክ፣ የሆቴሉ ስምና የለገጣፎው ሰው ቁጥር ይኑር፤ በሱሪው ኪስ እንጂ በጃኬቱ አይሁን፤ ጃኬት ይወልቃል።

ቪዲዮ ከመቅረጽና ከመለጠፍ ይቆጠቡ። በ2008 ሙምባይ ሆቴሎች በተያዙ ጊዜ የአጥቂዎቹ አዛዦች ከሩቅ የቀጥታ ቴሌቪዥን እያዩ ይመሯቸው ነበር። የብራስልስ ሰዎች በኖቬምበር 2015 ፖሊስ «ዘመቻችንን አታሰራጩ» ሲላቸው ማኅበራዊ ሚዲያውን በድመት ፎቶ ሞሉት፤ በዚያ ጭንቅ መካከል እንዲህ መሣቃቸው እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

ጉዞውን ማቋረጥ ይገባል ወይ ላሉት፦ በመጀመሪያው ቀን አይወስኑ። ያን ቀን ሆቴል ይቆዩ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባቡር አይሳፈሩ፤ ከጥቃት በኋላ ድንበር ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ይኖራል፣ መንገዱም ሊዘጋ ይችላል። ከ2015ቱ ጥቃት በኋላ የፓሪስ ሙዚየሞች ዓርብ ሌሊት የተከሰተውን ተከትለው ቅዳሜና እሑድ ተዘግተው ሰኞ ተከፈቱ። በሦስተኛው ቀን ልጅዎ የሚተኛና የሚበላ ከሆነ መቀጠል ይችላሉ። የሚባንን ከሆነ፣ ወይም እናትዎ ክኒናቸውን መዋጥ ከተዉ ይመለሱ፤ በዚህ ማንም አይወቅሳችሁም። ከወሰኑ ግን ትኬቱን በስልክ ወይም በአየር መንገዱ የከተማ ቢሮ ይቀይሩ፤ አየር ማረፊያ ሄደው አይሰለፉ፤ በእነዚያ ቀናት ሰው ከሁሉ በላይ የሚታጨቅበት ቦታ እሱ ነው።